እህቴን የውጭ ዜጋ አላስብልም ያልኩ ቀን

የጤና መድን ለሁሉም ነው ተብሎ ቀበሌው ቤት ለቤት ሲመዘግብ፣ አባቴ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ። አምበር ከተማ አጠገብ ባለ ገጠር ቄስ ናቸው። የመድኑ ደብተር ላይ እናቴን አስጻፉ፤ ቀጥለው ውጭ አገር ከሄደች ዓመታት ያስቆጠረችውን እህቴን። መዝጋቢው «አባ፣ እሷማ እዚህ የለችም» ቢላቸው «ልጄ አይደለችም እንዴ?» ብለው ተቆጡት። ጻፈ። ከተቆጣ ቄስ ጋር ማን ይከራከራል?

አምና ልትጠይቀን ስትነሳ ደወለችልኝ። «የዚህ አገር መድኔ እዚያ አይሠራም። የጉዞ መድን ልግዛ ይሆን?» አለችኝ። እኔ አፌን ሞልቼ «አባትሽ ቤት ልትመጪ መድን? ምን ሟርት ነው! ስምሽ ደብተሩ ላይ አለ» አልኳት። ሳቀች፤ ሳትገዛም መጣች።

በመጣች በሳምንቷ ሆዷን ቆረጣት። በማለዳ ከአባቴ ጋር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አደረስናት። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት ደብተሩንም የእህቴን የውጭ አገር ፓስፖርትም አየች። «ወንድሜ፣ መድኑ ለነዋሪ ነው። በውጭ ዜጋ ካርድ ላውጣላትና አሁኑኑ ትግባ» አለችኝ። አሁኑኑ ነበር ያለችው።

ደሜ ፈላ። «እዚሁ ክርስትና የተነሳች የቄስ ልጅ፣ በምን ሒሳብ ነው የውጭ ዜጋ የምትሆነው?» ብዬ ጮህኩ። ወረፋ የያዘው ሕዝብ «እውነቱን ነው!» አለ፤ እሱ ደግሞ የልብ ልብ ሰጠኝ። ወይ አለመታደል! አባቴም «ልጄን ባዕድ ብዬ አላስጽፍም» አሉ። እህቴን አግዳሚው ላይ ከሳቸው ጋር ትቼ ወደ አምበር ተመለስኩ፤ የቤቱ ልጅ መሆኗን ቀበሌው በማኅተም እንዲጽፍልኝ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ጠበቅኩት።

ወረቀቱን ይዤ ስደርስ ቀትር አልፏል። እህቴ በላብ ተጠምቃ፣ ከንፈሯ ነጥቶ አገኘኋት። ማኅተሙን ላሳያት ስል እጄን ጨመቀችው። «በእመቤታችን፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ብቻ አስገባኝ» አለችኝ። በውጭ ዜጋ ካርድ ገባች። ያንን ወረቀት ማንም አላየው።

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ መርዙ ሆዷን ሞልቶት ነበር። ሁለት ጊዜ ተቀደደች። ነፍሷ በእግዜር ቸርነት ተርፋለች፤ ጤናዋ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም። ይህን ያደረገው ሕጉ ነው እያልኩ ለሰው አወራለሁ። ሕጉም ቢሆን እንግዳን የረሳ ሕግ ነው፤ አግዳሚ ላይ ያስቀመጥናት ግን እኛ ነን።

ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ሲወጣ ፊቱ ተቋጥሮ ነበር። «ጠዋት ብታመጧት ኖሮ ቀላል ነበር። ምነው፣ እስካሁን ቤት አስተኝታችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» አለን።

«መኪና አጥተን ነው» አልኩት።

አባቴ ለትንሿ ውሸት ንስሐ የሚሰጡ ሰው ናቸው። ዞሬ አየኋቸው። መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ «አዎ ልጄ፣ መኪና አጥተን ነው» አሉት።