የእትዬ የሺመቤት የወረቀት ሳጥን

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ ነው። መዳፋቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ሌሎቹ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ እንኳ አይነቃም። ቡታጅራ ውስጥ ከእሳቸው የተከራየሁትን ክፍል ሊያሳዩኝ በሩን የከፈቱት በግራ እጃቸው ነበር።

እትዬ የሺመቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። አምና ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደከመ። እግራቸው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እጃቸው ግን እንዳኮረፈ ቀረ። አዲስ አበባ የሚነግደው ልጃቸው ኪዱ እሱ ጋ ሄደው እንዲኖሩ ይለምናቸዋል። እሳቸው «እዚያ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ማንን ልይ?» ይላሉ።

ነሐሴ ላይ ኪዱ በእኔ ስልክ አንድ ቪዲዮ ላከላቸው። የውጭ አገር ሰው ነው፤ ከአንዲት ወረቀት ያለ ሙጫ፣ ያለ መቀስ፣ በማጠፍ ብቻ ትንሽ ሳጥን ይሠራል። ለደከመ ጣት ጥሩ ነው ብለው ሐኪሞች ነግረውት ነው። ወዲያው ደወለ።

«እማ፣ ለመስቀል ስመጣ ይህቺን ሳጥን በሁለት እጅሽ አጥፈሽ ካሳየሽኝ እዚሁ ትቀመጪያለሽ። ካልሆነ አብረን እንሄዳለን። ተስማማን?»

እሺም እምቢም አላሉም። ስልኩን መለሱልኝና «ክፈቺው እስቲ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ እንቀመጥ ነበር። ሰውየው ሲፈጥንባቸው ይቆጡታል፦ «ቀስ በል አንተ ሰውዬ! ማን ያባርርሃል?» እኔ ቪዲዮውን አቆመዋለሁ፤ እሳቸው ድል እንዳደረጉት ሁሉ ፈገግ ይላሉ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ሲነኩት ደረቀባቸው። «ሳይለበለብ እንዴት ይታጠፋል?» ብለው የከሰሉ ምድጃ ላይ ያዙት። ለካ ቅቤ የሚጠቀለልበት የእንሰት ቅጠል፣ ኮባው፣ መጀመሪያ እሳት ላይ ነካ ነካ ይደረጋል፤ ያኔ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። ወረቀቱ ግን ቦግ አለ። ጥለውት በጫማቸው እየረገጡ፣ «ሰነፍ! ኮባ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» አሉ።

ሰውየው እያንዳንዱን እጥፋት በጥፍሩ ይጫነዋል። እሳቸው በጭራሽ!

«እትዬ፣ እሱ እንዳደረገው ጫን ያድርጉበት።»

«አብደሻል? ይሰነጠቃል! ቅቤ የሚያመልጠው በስንጥቅ ነው።»

«ወረቀት እኮ ነው፤ ቅቤም የለበትም።»

«ይኑርበት አይኑርበት፣ እኔ ስንጥቅ አላጥፍም።»

እጃቸውን አየሁ። ጣቶቹ ቁልፍ መያዝ አቅቷቸዋል፤ ኮባን ሲያጥፉ የኖሩበትን ልስላሴ ግን አልረሱትም። እንዲህ ያለ ትዝታ ሥጋ ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው?

መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን አውራ ጣታቸው ተዘርግቶ የወረቀቱን ጥግ ያዘ። ጮህኩ።

«ምን አየሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጣት ነው።»

ኪዱ ለመስቀል መጣ። ክትፎው ተበልቶ፣ በዓሉ አልፎ፣ በማግስቱ ጠዋት የእናቱን ሻንጣ «ለማንኛውም» ብሎ መኪናው ላይ ጫነ። እሳቸው አዩት። ወረቀታቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ብርቄ አጥሩን ተደግፋ፣ «ቅቤ ነጋዴዋ ደግሞ ወረቀት ጀመረች!» አለች።

አጠፉ። አውራ ጣቱ ጥጉን ያዘ። ሳጥኗ ጠረጴዛው ላይ ቆመች። ኪዱ እንደ ልጅ አጨበጨበ። እጁ ሳይወርድ ግን አንዱ ግድግዳ ላላ፤ ሌላው ተከተለው፤ ሳጥኗ በፊታችን ቀስ ብላ ተከፍታ ተዘረጋች። ያልተጫኗቸው እጥፋቶች ሁሉ ተፈቱ።

«እንግዲህ እማ...» አለ ኪዱ መሬት መሬት እያየ።

«እንግዲህ ምን?»

«ተስማምተን ነበር።»

«ማን ተስማማ? አንተ ተናገርክ፤ እኔ ክፈቺው አልኩ። ይቺን ልጅ ጠይቃት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እውነታቸውን ነው፤ እሺ አላሉም» አልኩ።

«ሳጥን አጠፍኩ አላጠፍኩ ቤቴ ቤቴ ነው! ያጠፍኩት ጣቴን ስለምፈልገው ነው። በገዛ ቤቴ ለመኖር ልጄ ሊፈትነኝ?»

«ብትወድቂስ እማ? ይቺ ልጅ ስትወጣ ለብቻሽ ሆነሽ?» ድምፁ ተሰበረ። ይህን ያህል ፈርቶ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«እወድቃለኋ! ብርቄ ታነሳኛለች። አንተ ጋ ብወድቅ ሊፍቱ ነው የሚያነሳኝ?»

«እኔማ እየሰደብኩም ቢሆን አነሳታለሁ» አለች ብርቄ።

«ሰማህ? በል ሻንጣዬን አውርድ።»

ኪዱ ወደ መኪናው ሄደ። ኋላውን ከፈተና ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ቤት አስገባው። ሲመለስ እናቱን አቅፎ ጉንጫቸውን ሳመ። «ግትር ነሽ» አላቸው። «ሳሙኤልን ስትወልድ ታየዋለህ፤ ልጅህ ደግሞ አንተን ይወጣል» አሉት፤ ገና ያልተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ስም እንኳ ራሳቸው አውጥተውለታል።

መኪናው ሲርቅ እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ዘንቢላቸውን በግራ እጃቸው አነሱ።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ገበያ። የማን ቅቤ እንደሚሸጥ ልይ። ከታመምኩ ወዲህ ያለ እኔ ምን እንደሚያጭበረብሩ ማን ያውቃል?»

ክንዳቸውን ልይዝ ተነሳሁ። «ቁጭ በይ!» አሉኝ፤ ቁጭ አልኩ። በሩ ላይ አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ «እናት፣ ላድርስዎት?» ሲል ሰማሁ። እሳቸው አለፉት። ቀኝ እግራቸውን ትንሽ እየጎተቱ፣ የአስፋልቱን ዳር ይዘው ወደ ገበያው ወረዱ።