የእትዬ ዘሃራ ባለ ሦስት ጎማ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ሰዒድ የሰጡኝ ሥራ የአንድ ብስክሌት የፊት ጎማ መግጠም ነበር። ያኔ ደባርቅ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሱቃቸው ከመናኸሪያው አጠገብ ነው። እኔም ሙያ ላሳይ ብዬ ዳዶውን ባለኝ ጉልበት አጠበቅኩት። መጥተው ጎማውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። አልዞረም።

«ጎማ ግጠም አልኩህ እንጂ በር ዝጋ አልኩህ?» አሉኝ።

እኔ የላላ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ሰው ቤት ተጋብዤ ወንበሩ ከተነቃነቀ ሳልቀመጥ ቁልፍ እጠይቃለሁ። ሚስቴ በዚህ ስንት ጊዜ አፍራለች። አመሉ ለጠጋኝ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ አምን ነበር።

ጋሽ ሰዒድ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ለእኔ ትተው ቤት መዋል ጀመሩ። ከተማው በባጃጅ ተሞላ፣ ብስክሌት የሚያመጣ ሰው ቀነሰ። የባጃጅ ጎማ እየለጠፍኩ ስኖር አንድ ቀን እትዬ ዘሃራ የዛገ ብረት በጋሪ አስጭነው መጡ።

እትዬ ዘሃራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ ጣቃ ተሸክመው መሄድ አቅቷቸዋል፤ ባጃጆቹም ሸክሙን ሲያዩ አይቆሙላቸውም። ብረቱን ያገኙት ዳባት ከሞቱት አጎታቸው ዕቃ ቤት ነው። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት፣ ከመቀመጫው ጀርባ ደግሞ የዕቃ ሳጥን አለው። ለልጅ መጫወቻ እንዳይባል ቁመቱ የአዋቂ ነው።

«ጌታቸው፣ ይቺን ለሚመጣው ገበያ አድርስልኝ። ማዕዘኗን ቦታዬን ታውቃት የለ? አንድ ገበያ ቀርቼባታለሁ» አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ። በእኛ ገበያ ቦታ የሚያዘው በመገኘት ነው። ሦስት ገበያ ተከታትሎ ባዶ የዋለ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቢዘረጋ ተነሥ የሚለው የለም። እትዬ ዘሃራ ያቺን ማዕዘን የያዟት ገና ሙሽራ ሳሉ ነው።

መናኸሪያ አጠገብ የሚሠራ ሰው አማካሪ አያጣም። አንዱ የበሽተኛ ጋሪ ነው አለ። ሌላው የባጃጅ አያት ነው አለ። ሦስተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ብየደው» አለ። ቁልፎቼ ሁሉ በሚሊሜትር ናቸው፤ አንዱ ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል። ዳዶዎቹ የኢንች መሆናቸው ያኔ ገባኝ። ከመቀመጫው በታች ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ወጣ። የፊቱ ክፍል የውጭ ፋብሪካ ሥራ ነው አልኩ።

የኋላውን አክሰል ግን የቅባትና የአፈር ድርብርብ ሸፍኖታል። ወፍራም ነው፣ ለዓይን አያምርም። አገር ውስጥ አንድ ጋሪ ሠሪ የቀጠለበት ነው ብዬ ፈረድኩ። አልጠረግኩትም። ነጭ ጋዙ እኮ እጄ ሥር ነበር።

ሰንሰለቱን ቀይሬ፣ ኩሽኔታዎቹን በግራሶ አጥግቤ፣ ኋላውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ፔዳሉን አዞርኩ። የግራው ጎማ ዞረ። የቀኙ ቆሞ ያያል። በእጄ ስነካው አክሰሉ ላይ እንደ ልቡ ይሽከረከራል። ደሜ ፈላ። ሁለት ተቀጥረው አንዱ የሚሠራበት ቤት ነው እንዴ ይሄ? ጎማውን ከአክሰሉ ጋር በየድኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ቀጥ ብዬ ነዳሁት፣ ቀጥ ብዬ ወደ ኋላ ገፍቼ መለስኩት። ግሩም ነበር።

የገበያው ዕለት ጠዋት እትዬ ዘሃራ ጣቃዎቻቸውን ጭነው ወጡ። ወደ ገበያው መታጠፊያ ሲደርሱ መሪውን አዞሩ፤ ብስክሌቱ ግን አልታጠፈም። ቀጥታ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። ስደርስ ጨርቁ ጭቃ ላይ ተበትኗል፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«መሪውስ እሺ ብሎኝ ነበር። ኋላው ነው እንቢ ያለኝ» አሉ።

አፍሬ ጋሽ ሰዒድ ቤት ሄድኩና ይዣቸው መጣሁ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ገፉ። ብየዳዬ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ። አንዱ ላልቶ ነበር።»

«አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ አላየህም? ሲዞሩ የዳሩ ይሮጣል፣ የመሀሉ ይረግጣል። እኩል ሂዱ ብትላቸው ይዞራሉ?»

«አይዞሩም።»

«አንዱ ይግፋ፣ አንዱ ዝም ብሎ ይከተል ብለው ነው የሠሩት። ላምባ አምጣ እስቲ።»

አክሰሉን በጨርቅ ጠረጉና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው እዚያው ላይ አስቀመጡት። ከመቀመጫው በታች ያነበብኩት ቁጥር፣ አንድም ሳይጎድል፣ አክሰሉም ላይ ተቀርጿል። ጋሪ ሠሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ከፋብሪካው ሲወጣም እንዲሁ ነበር።

ለመበየድ የፈጀብኝ አንድ ሲጋራ የሚጨስበትን ያህል ጊዜ ነው። ለመፍታት ሦስት ቀን በመጋዝና በሞረድ ታገልኩ። ብየዳው የበላውን ጫፍ ለማስተካከል አክሰሉን ጎንደር ቶርኖ ቤት ላክሁት፤ የተመለሰው ከቀጣዩ ገበያ ማግስት ነው። የእትዬ ዘሃራ ጉልበት አብጦ ስለነበር በእግራቸውም አልወጡም። ሦስተኛው ገበያ አለፈ።

ማዕዘኗን አንድ የፕላስቲክ ጫማ ሻጭ ይዟታል። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እትዬ ዘሃራ ጫማ ሻጩን አልሰደቡም፣ እኔንም አልሰደቡም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አሁን የሚዘረጉት ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከጨው ሻጮቹ ወዲያ ነው፤ ድሮ ደንበኛቸው የነበረ ሁሉ እዚያ ድረስ አይሄድም።

ብስክሌቷ ግን እንደ ልብ ትታጠፋለች። በገበያ ቀን በሱቄ በኩል ሲያልፉ ፍሬን ይይዙና «ጌታቸው፣ ዛሬ የምታጠብቀው የለህም?» ይሉኛል።

«የለኝም፣ እትዬ» እላለሁ።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው፦ ሳትጠርጉ አትፍረዱ፣ ያልገባችሁን አትበይዱ።