የደበዘዘው ቀይ ክር

ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ጥልፍ ትጠልፋለች። ካቻምና ከራስ ቅሏ ሥር፣ የዓይን ነርቭ አጠገብ፣ ዕጢ ተገኘባትና ወንድሟ አስናቀ ሕንድ ወስዶ በፕሮቶን ጨረር አሳከማት። ዕጢው ማደጉን አቆመ፤ እሷም ወደ ጥልፏ ተመለሰች።

ዘንድሮ ግን ቀዩ ክር እየደበዘዘባት መጣ። ክር ሻጩን «ቀለሙ የሚለቅ ክር ሸጥክልኝ!» ብላ ገበያ መሃል አዋረደችው። ክሩ ደህና ነበር። የደከመው የግራ ዓይኗ ነው።

አስናቀ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ የሕንዱ ሐኪም ያኔውኑ ነግሮት ኖሯል፦ ጨረሩ ቆይቶ የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ ቀለም ከደበዘዘባት ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዳት ብሎ። ይህንም ያወሩት እሷን ውጪ በረንዳ ላይ አስቀምጠው ነው! ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርማ! አቤት ደግነት!

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አላት።

«ዓይኑ የኔ፣ ወሬው ያንተ? ባውቅ ኖሮ ከክር ሻጭ ጋር ስጨቃጨቅ እከርም ነበር?»

በማግስቱ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ዓይኗን መርምሮ ሲያበቃ ወደ አስናቀ ዞረና «እስቲ አንዴ ውጪ እናውራ» አለው።

ፈንታነሽ ተነስታ በሩን ከፈተች። ወንድሟን «ውጣ» አለችው። ከኋላው ዘግታ ሐኪሙ ፊት ተቀመጠች።

«አሁን ለእኔ ይንገሩኝ።»