ሃያ ሁለት ዓመት ያልበራው ጋሪ

ኪኑኤ ሐሙስ ሐሙስ የፋኖስ ጋሪዎቹ ሙዚየም ውስጥ ወረቀት ትለጥፋለች። ጋሪዎቹ በየዓመቱ በዓል ከተማው ውስጥ የሚገፉ፣ ከሽቦና ከወረቀት የተሠሩ፣ ከውስጣቸው የሚበሩ ግዙፍ ምስሎች ናቸው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ግን ገና እጅ አልሰጡም። ጎብኚዎችን በሽቦ አጽም ላይ ቁራጭ ወረቀት እንዴት እንደሚለጠፍ ታሳያለች፣ ሙጫ ሲያበዙ ትቆጣለች። ከጀርባዋ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ባሏ ቶኩጂ የሣለው የመጨረሻው ጋሪ ቆሟል፤ እባብ አንቃ የያዘች፣ ቁመቷ ሦስት ሰው የሚያህል ጦረኛ ሴት። አስጎብኚዋ ስለ ጋሪው ስታብራራ ለኪኑኤም ጭምር ታስረዳታለች። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው።

ኪኑኤ ግን ያንን ጋሪ በርቶ አይታው አታውቅም።

ጋሪው በተሠራበት ዓመት ወረቀቱን ለጥፋ ልትጨርስ ግማሽ ቀን ሲቀራት፣ እናቷ ታመው መውደቃቸውን ከእናቷ ከተማ ከኖሺሮ ደውለው ነገሯት። የቀረውን በጥድፊያ ለጥፋ ሄደች። ቶኩጂ ከኋላዋ በቀለም መስመሩን ሣለ፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ ሰም ቀባ፣ በዓሉ ደረሰ፣ ከበሮው ተመታ፤ እሷ የእናቷን እጅ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቀብራ ስትመለስ «እንዴት ነበር?» አለችው።

«በራ» አላት። ከአንድ ቃል በላይ የሚከፈልበት ይመስለዋል እንዴ ይኼ ሰውዬ!

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዓሉ ባለቀ ማግስት ጋሪው ይፈርሳል፣ ወረቀቱ ይቃጠላል። ያን ዓመት ግን ሙዚየሙ ሊከፈት ስለነበር ሳያፈርስ እንዲሰጣቸው ለመኑት። «ሬሳዬን ገንዛችሁ ልታቆሙት ነው?» ብሎ ቀልዶባቸው ሰጠ። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ዕለት የገዛ ልቡ ቆመ። ሙዚየሙም ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል ብሎ ጋሪውን ዳግመኛ አላበራውም።

ከተማው ሁሉ ያየውን እሷ ብቻ አላየችም። አሣ ሻጩ እንኳ «ያቺ ሴት ስትበራ እኮ ደም ነበራት!» ይላታል፣ ማጽናናቱ ነው። አሣዋን ተቀብላ ሳታመሰግነው ትወጣለች።

ዘንድሮ የክረምቱ በረዶ ጣራውን አሰረጎደና ውሃው በጦረኛዋ ትከሻ ላይ ወረደ።

«እማማ ኪኑኤ፣ ወረቀቱ ሊገፈፍ ነው» አለች የሙዚየሙ ኃላፊ ናሩሚ፣ መሬት መሬት እያየች። «ሠዓሊው ኤይሳኩ ከድሮው ፎቶ አይቶ እንደገና ይሥለዋል። የሚለጥፍልን ግን ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

«እለጥፋለሁ። መጀመሪያ አንዴ አብሩልኝ።»

«አምፖሎቹ አሮጌ ናቸው እኮ። እሳት ቢነሳስ?»

«ሊገፈፍ አይደል እንዴ? ለማን ነው የምትቆጥቢው? ባልዲ ውሃ ይዤ እቆማለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ በሩ ለጎብኚ ሳይከፈት፣ መጋረጃው ሁሉ ተዘጋ። የቶኩጂ ተማሪ የነበረው፣ ዛሬ ራሱ የሸበተው ኤይሳኩ በጋሪው ሥር ተሳበ።

«እትዬ፣ ሆዴ አላስገባ አለኝ!»

«ቶኩጂ ቢኖር በርግጫ ያስገባህ ነበር።»

መብራቱ ቦግ አለ። የእባቡ ጅራት ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ቀለሙም ደብዝዞ ሻይ መስሏል። ኪኑኤ ባልዲዋን ይዛ ቆመች። ምንም አልተሰማትም፤ በዚህም አፈረች። ከበሮ የለ፣ የሚገፉት ሰዎች ጩኸት የለ፣ ሥዕሉን እያየ ከጋሪው ፊት ፊት የኋሊት የሚራመደው ባሏ የለ። ለዚህ ነው ሃያ ሁለት ዓመት የተቃጠልኩት? አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ዓይኗ የጦረኛዋ ግራ ጉንጭ ላይ ወደቀ።

የወረቀት መጋጠሚያ ሽቦው ላይ መዋል አለበት፤ ካልዋለ ሲበራ ጠባሳ ሆኖ ይታያል። ቶኩጂ ሽቦ የሳተ መጋጠሚያ ካገኘ በአውራ ጣቱ ይበሳው ነበር፣ የሚስቱንም ቢሆን፣ በሰው ፊት። ጉንጩ ላይ ያለው መጋጠሚያ ግን ሽቦውን ሁለት ጣት ያህል ስቶ ተጣሟል። ያን ቀን ዓይኗ እንባ እንደሞላ የለጠፈችው ነው። ቶኩጂ አልበሳውም። ከጦረኛዋ ጆሮ ግንድ አንድ ዘለላ ፀጉር በወፍራም ቀለም አውርዶ መጋጠሚያውን እስከ አገጯ ድረስ ሸፍኖታል፤ የኪኑኤ እጅ በተጣመመበት የእሱም ብሩሽ ተጣሟል።

«እትዬ፣ ይቺ ፀጉር ለምን እንደወረደች አሁን ገና ገባኝ» አለ ኤይሳኩ፣ አጠገቧ ቆሞ። «ያኔ ብጠይቀው ‹ነፋስ ነው› ነበር ያለኝ።»

«ነፋስ! ውሸታም!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት። ባልዲውን አስቀመጠች። ቶኩጂ ናፈቃት፤ ያን ሁሉ ዓመት ናፍቋት ነበር፣ እንዲህ ግን አልነበረም። ተመልሶ ቢመጣላትና ‹ለምን አልበሳኸውም?› ብላ አንድ ጊዜ ብትጣላው ምንኛ በወደደች። «በል አጥፋው» አለች።

ከሰዓት በኋላ መግፈፍ ጀመሩ። ጉንጩን ማንም እንዳይነካባት ተቆጥታ ራሷ ገፈፈችው። ኤይሳኩ አዲሱን ንድፍ ዘርግቶ እርሳሱን እንደያዘ ጠየቃት።

«ፀጉሯን ፎቶው ላይ እንዳለች ላውርዳት አይደል?»

«አትሣላት።»

«እንዴ እትዬ! ጌታዬ የሣለውን?»

«አሁን የምገጥመው ሽቦው ላይ ነው፤ የሚሸፈን ነገር የለም። ያቺ ደግሞ ለእኔ የተሣለች ናት» አለችና፣ የጉንጩን ወረቀት ይዛ ግቢ ውስጥ የተገፈፈው ወረቀት ወደሚቃጠልበት እሳት ወረደች።