ባዶ ቤት በር ላይ የሚጣሩት አጎቴ

አጎቴ «ቤቶች» ብለው ሳይጣሩ የገቡበትን ቤት አላውቅም። ሥራችን አሮጌ ቤቶች ከመፍረሳቸው ወይም ከመታደሳቸው በፊት አስቤስቶስ የሚባለው ጎጂ የግንባታ ቁስ እንዳለባቸው መመርመር ነው። አብዛኞቹ ሰው ከለቀቃቸው የቆዩ ናቸው። እሳቸው ግን ደጃፉ ላይ ይጣራሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀውም ትንሽ ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ገሳይ ከተማ ውስጥ ሊፈርስ የተወሰነ የመምህራን መኖሪያ ልናይ ሄድን። ሲጣሩ የቀን ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እኔም አፈርኩ።

«ጋሼ፣ ማን ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ሰው የኖረበት ነው ልጄ፤ ዘው ተብሎ አይገባም» አሉኝ። ከዚያ ገብተው አቧራው እንዳይነሳ ኮርኒሱን ውኃ ረጩት። ያ አቧራ አንዴ ሳንባ ከገባ አይወጣም።

የሰውን ቤት ሁሉ ሲመረምሩ የራሳቸውን ረስተውት ኖሯል። አርፈው አርባቸው ካለፈ በኋላ ደብረ ታቦር ያለውን ቤታቸውን ሊያድስ የተነሳው ልጃቸው ነው። ስደርስ መዶሻ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«ኮርኒሱን ቶሎ አፍርሼ ልገላገል» አለኝ።

«ሳይመረመርማ አይነካም» አልኩት፤ የውኃ መርጫዬን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ቤቶች» አልኩ፣ ሳላስበው።

እዚህ በር ላይ ስጣራ «ግቢ ልጄ፣ ግቢ» የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ይስቅብኛል ብዬ ዞር አልኩ። መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ቆሞ ይጠብቃል።