በቆርቆሮ የተዘጋው መተላለፊያ

ዲላ ውስጥ ከእናቴ ቤት ገበያ የሚያደርስ ቀጭን መተላለፊያ ነበር። ሐኪሙ ለስኳር ሕመሟ በየቀኑ በእግር እንድትሄድ ሲያዛት "ድሮስ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ?" ብላ ሳቀችበት። እውነቷን ነበር። ቲማቲም ረሳሁ ብላ እንኳ ተመልሳ ትወጣለች።

ቡና ነጋዴው ጎረቤታችን መተላለፊያውን በቆርቆሮ ዘግቶ ከግቢው ጋር ቀላቀለው። የቀረን አስፋልቱ ነው። የእግረኛ መንገድ የለውም፣ ቦዩ ክፍት ነው፣ ከገደብ ከተማ የሚመጣው የጭነት መኪና ልብስ ታክኮ ያልፋል።

"ጋሼ፣ እናቴ በየት ትሂድ?" አልኩት።

"ባጃጅ ሞልቶ የለ? በዚህ ዕድሜያቸው ሩጫ ሊወዳደሩ ነው እንዴ?"

ቀበሌው "እናየዋለን" አለ። እናቴ ጥቂት ቀን በባጃጅ ተመላለሰች፤ ከዚያ መውጣቱን ተወችው። እግሯ ያብጥ ጀመር። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያኔም አላደረግሁም። በየቤቱ እየዞርኩ ማን በእግሩ መሄድ እንዳቆመ ጠየቅሁ፣ በደብተሬ ጻፍኩ፣ ቀን ጠበቅሁ።

የነጋዴው ታላቅ ወንድም አረፈ። የዕድራችን ዕቃ ቤት በእኛ በኩል ነው፤ የወሩ ተረኛም እኔ ነበርኩ። የድንኳኑን ብረት የተሸከሙትን ሰዎች ወደ አስፋልቱ ሳይሆን ወደ ቆርቆሮው መራኋቸው።

"ዙሩ እንጂ!" አለ አንድ ዘመዱ ከውስጥ።

"ይህን ይዘን አስፋልት ላይ አንወጣም፤ መኪና ይጨርሰናል። እዚሁ እንጠብቃለን" አልኩ።

የዕድሩ ዳኛ ተቆጡ። "አንተ ሰው፣ ሐዘን ላይ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ" አልኳቸው።

ነጋዴው ወጣ። አየኝ። መዶሻ አስመጥቶ ሚስማሩን በገዛ እጁ ነቀለ። ሚስማሩ ሲጮህ ደስ አለኝ። አላፈርኩም።

በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጫማዋን አጠለቀች።

"ወዴት ነው?"

"ለቅሶ ነዋ!"

"መንገድ የዘጋብሽ ሰው ቤት?"

"ተከፍቶ የለ? አንተ ደግሞ!"

ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ሰብስባ ደረሰች። ሦስቱንም ቀን ጠዋትና ማታ ተመላለሰች። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ቆርቆሮው ተመልሶ አልተመታም፤ እሷም አላቆመችም። እኔ ሰውየውን እስካሁን ሰላም አልለውም። እሷ ግን ወደ ገበያ ስታልፍ "እንዴት አደርክ?" ትለዋለች፤ እሱም በየቀኑ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ መሬት መሬት እያየ ይመልሳል። እኔ ካደረግሁበት ይልቅ ይሄ ሳይከብደው አይቀርም። ይክበደው።