በእኔ ፖስተር የተተከለው ድንኳን

እሁድ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሞላ ደወለልኝ። «መርሳ ላይ፣ እናቴ ደጅ ድንኳን ተተክሏል» አለኝ።

«ውይ... ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ አሉ።»

ሞላ የአምባሰል ዘፋኝ ነው። እኔ ደግሞ ወልድያ ላይ ባነር፣ ፖስተርና ቲሸርት የምሠራ ዲዛይነር ነኝ። «ቀይ ጨምርበት»፣ «ስሜ ይተልቅ»፣ «ከኋላዬ አንበሳ አስገባልኝ» እየተባልኩ ነው የምኖረው። ሰልችቶኛል እኮ! ሞላም ከነሱ አይሻልም ነበር። ዩቲዩቡ ላይ አረንጓዴ ለብሶ ጽጌረዳ መሀል፣ ፖስተሩ ላይ በጥቁር መነጽር፣ ባነሩ ላይ አንበሳ አጠገቡ ቆሞ... ጎን ለጎን ብታዩት ሦስት ዘፋኝ ነው የምትሉት። ግራና ከተማ ላይ አንዱ «ፖስተሩ ላይ ያለው ሰውዬ መቼ ነው የሚዘፍነው?» ብሎ ራሱን ሞላን ጠይቆታል።

ለአዲሱ አልበም ግን ለመንኩት። አንድ ፎቶ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ዓይነት ፊደል ይሁን፤ ሰው ከሩቅ አይቶ «ሞላ ነው» ይበል አልኩት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ፣ እሱ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ከሥሩ ስሙ ብቻ። «አዲስ አልበም በቅርብ ቀን» የሚለውን ዲዛይኑን እንዳያበላሽብኝ ጥግ ላይ በጣም አሳንሼ ጻፍኩት። በስንት ልመና እሺ አለ። ደንበኛ እጁን ያላስገባበት የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበር ኮርቼበት ነበር።

ቅዳሜ ዕቃው በሚኒባስ መርሳ ገባ። ጓደኞቹ ቲሸርቱን ለብሰው ባነሩን መንገድ ላይ ሰቀሉ፣ የባጃጆችን የኋላ መስታወት በፎቶው ሞሉትና ወደ ውርጌሳ ሊለጥፉ ሄዱ። ሞላ ደግሞ ወልድያ ስቱዲዮ ገብቶ ስልኩን ዘግቷል። እሁድ ጠዋት ሲከፍተው ነው «ሞተሃል ተብሎ ድንኳን ተተክሏል፣ እውነት ነው?» የሚል መልእክት ያገኘው።

እስቲ አስቡት... እኛ ሀገር የአንድ ወጣት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ባነር ላይ፣ ቲሸርት ላይና መኪና ላይ አንድ ላይ የሚወጣው መቼ ነው?

ልጆቹን ለምን አልጠየቋቸውም ትሉኝ ይሆናል። ጓደኛው ሞቶበት ፎቶውን ደረቱ ላይ ያደረገን ልጅ ማን ነው አስቁሞ «ምን ሆኖ ነው?» የሚለው? ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጦ አለፈ። ወደ ሞላ የደወለውም ስልኩ ዝግ ሲሆንበት እርግጠኛ ሆነ።

የባሰው የእናቱ ነገር ነው። እትዬ ዘውዴ ግራና እህታቸው ቤት ነበሩ። መርዶ ደግሞ እንደ ወግ በሽማግሌ፣ ቤታቸው ገብተው ነው የሚነገራቸው። እስከዚያ ከሰው እንዳይሰሙ ተብሎ እህታቸው ስልካቸውን ደብቀውባቸዋል። የደም ግፊት አለባቸው። ሳይሰሙ በድንገት ድንኳኑን ካዩት አለቀላቸው ማለት ነው።

ሞላ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ይመር ደውሎ «አለሁ እኮ» ሲላቸው «በሟች ስልክ የምትቀልድ... አላህ ይይልህ!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። የአክስቱም ስልክ አይነሳም። በአካል ከመታየት ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ሚኒባስ ይዘን በረርን። ሞላ መንገድ ሙሉ ሲስቅ፣ እኔ ሹፌሩን «ቶሎ በል» እያልኩ እነዘንዛለሁ።

ስንደርስ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አንዲት ሴትዮ ጮኹ። ጋሽ ይመር መጥተው የሞላን ክንድ ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት።

«አልሃምዱሊላህ... ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ባነሩ ዞሩ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአልበሙ ማስታወቂያ ነው ጋሽ ይመር። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዲሆን ብዬ...» አልኩ።

«እሱማ ሆነ! አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ አንድ ዓይነት ፎቶ... ለሰርግ እንኳ እንዲህ የተባበረ ሰው አላየሁም፣ ልጄ!»

«ድንኳኑን ንቀሉ!» እየተባለ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። እትዬ ዘውዴና እህታቸው ወረዱ። ድንኳኑን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ደግ አረግህ መጣህ» አሉት። «ማን ነው የሞተብን?»

እህታቸው ሞላን ሲያዩ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ቁጭ አሉ። እትዬ ዘውዴ ግን መልስ አልጠበቁም። የልጃቸውን አገጭ ይዘው ቀና አደረጉት።

«ትናንት ግራና ባጃጅ ላይ ፎቶህን አየሁት። ልደውልልህ ብል ስልኬ ጠፋብኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያነጋሁት። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከፋህ?»

«ኧረ እማ፣ ለፎቶ ነው።»

«እኔን ነው? የወለድኩህን?»

መንገድ ሙሉ ሲስቅ የመጣው ሰውዬ አንገታቸው ሥር ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰውም እንባው ተዘጋጅቶ ስለነበር አብሮት አለቀሰ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነገረኝ። ዘፈኑን ሊተወው አስቦ፣ ለማንም ሳይናገር ወራት ሆኖታል። ፎቶ ያነሳሁት ቀን «ዛሬ ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ ይሁን» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ «እንደዛው ሁን፣ እንዳትነቃነቅ፣ በጣም ያምራል!» አልኩት።

አሁን ሁሉንም እንደ አዲስ እየሠራሁ ነው። ሞላ «አንበሳው ይመለስልኝ» ብሏል፣ ጋሽ ይመር «ጥርሱ ይታይ» ብለዋል፣ እትዬ ዘውዴ አበባ ይፈልጋሉ። ድካም ነው... ግን ከማንም ጋር አልተከራከርኩም። ያንን ፎቶ ስንት ቀን አፍጥጬበት ጥላና ብርሃኑን ሳስተካክል፣ የልጁን ፊት አንዴም አላየሁትማ።